«ጊቭ አፕ» ማለት «ተስፋ መቁረጥ» ነው ያላችሁ ማነው?

አንድ ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ለአንዲት እናት ወንበሩን ለቀቀላቸው እንበል። ይህንን በእንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው «ሂ ጌቭ አፕ ሂዝ ሲት» ይላል። ሌላው ሰውዬ ሲጋራ ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ «ሂ ጌቭ አፕ ስሞኪንግ» ይባልለታል። ሦስተኛው ሲፈለግ የከረመ ተጠርጣሪ ነው፤ መደበቁ ሲሰለቸው ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ፤ «ሂ ጌቭ ሂምሰልፍ አፕ»።

አሁን ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነውን ደብተር እንግለጥ። «ጊቭ አፕ እኩል ይሆናል ተስፋ መቁረጥ»። አለቀ። በደብተሩ ከሄድን እንግዲህ ልጁ በወንበሩ ተስፋ ቆርጧል፣ ሰውዬው በሲጋራው ተስፋ ቆርጧል፣ ተጠርጣሪውማ በራሱ ተስፋ ቆርጦ ጣቢያ ገብቷል። ሦስቱንም ይዞ ጸበል መሄድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ነገሩ ግን ይህን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ሦስቱም የያዙትን ለቀቁ። «ጊቭ» መስጠት ነው። «አፕ» ሲጨመርበት መስጠቱ ሙሉ ይሆናል፤ ግማሽ የለውም። ወንበሩም፣ ሱሱም፣ ነፃነቱም ከእጅ ወጣ። ተስፋ የቆረጠ ሰውም ትግሉን ከእጁ የለቀቀ ነው፤ ስለዚህ ደብተሩ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ከትልቅ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ «ዛፉ ይኸው» አለን እንጂ።

ክሴ አጭር ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ሰው ቤቱ የሚያወራበትን ክፍል፣ ማለትም ተራ ግሥ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም የሚሰጥበትን ክፍል፣ በሁለት መንገድ ገድለነዋል። አንደኛው በዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው በንቀት። ከዚያ ተመልሰን «እንግሊዝኛ ሕግ የለውም፣ ዝም ብሎ መሸምደድ ነው» እያልን እናለቅሳለን። ሕግ ያጣው ግን የኛ አማማር ነው።

የእኩል ምልክቱ ውሸት

ፈረንጆቹ ይህንን ጥምረት «ፍሬዘል ቨርብ» ይሉታል። ስሙ የተለመደው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ከተጠቀመበት ወዲህ ነው። ነገሩ ራሱ ግን ከስሙ በብዙ መቶ ዓመት ይበልጣል። እኛ አገር ስሙ ሲጠራ ወደ አእምሮ የሚመጣው አንድ ምስል ነው፦ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ፣ መሃል ላይ የእኩል ምልክት። «በአሥር ደቂቃ ሃምሳ ፍሬዘል ቨርብ» የሚል ቪዲዮ ስልኩ ላይ ያልመጣበት ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። መጽሐፍ መደብርም፣ ማስጠናት የሚሠራው ልጅም፣ የኦንላይን አስተማሪውም የሚሸጠው ያንኑ ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ሦስት ነገር ይደብቅብናል።

የመጀመሪያው የቃሉን ስፋት ነው። «ቴክ ኦፍ» «ማውለቅ» ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ አውሮፕላኑም «ቴክ ኦፍ» ያደርጋል። ምኑን ነው የሚያወልቀው? አዲስ የተከፈተ ንግድም በጥሩ ሁኔታ ሲሄድ «ቴክ ኦፍ» አደረገ ይባላል። ዝርዝሩ ሦስት የተለያዩ መስመሮች ይሰጠንና እያንዳንዱን ለየብቻ ሸምድዱ ይለናል። ልብሱ ከገላ፣ አውሮፕላኑ ከመሬት፣ ንግዱ ከነበረበት ቦታ ተለየ። አንድ ነገር ነው የሆነው።

ሁለተኛው የሰዋስው ጉዳይ ነው። «ተርን ኢት ኦፍ» ይባላል፤ «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። «ሉክ አፍተር ኢት» ግን ይባላል፤ «ሉክ ኢት አፍተር» አይባልም። ለምን? በመጀመሪያው ላይ «ኦፍ» የግሡ ተከታይ ናት፤ ተላቅቃ ወደ ኋላ መሄድ ትችላለች፣ «ኢት» እና መሰሎቹ ሲመጡ ደግሞ የግድ መሃል ይገባሉ፣ እሷ ኋላ ትቀራለች። በሁለተኛው ላይ «አፍተር» እውነተኛ መስተዋድድ ናት፤ ከስሟ ፊት አትነቃነቅም። ስለዚህ የትንሿ ቃል ሥራ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ትርጉሙን ብቻ መያዝ፣ መኪናውን ይዞ መሪውን እንደመተው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነው። ዝርዝሩ የሚደረደረው በግሡ ነው። «ጌት አፕ፣ ጌት ኦፍ፣ ጌት ኦቨር፣ ጌት ባይ፣ ጌት ባክ…» እያለ አንድ ገጽ ይሞላል። ከጥምረቱ ውስጥ ባዶውን ግሥ መርጦ ርእስ ያደርገዋል! እስቲ በአማርኛ እንየው። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ሊማር መጣ። አስተማሪው «አለ ማለት ተናገረ ማለት ነው» ብሎ ርእስ ጻፈለትና ሥሩ ደረደረለት፦ ዝም አለ፣ ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ብቅ አለ፣ ፈቀቅ አለ፣ ደስ አለው። ፈረንጁ ምን ይላል? «እነዚህ ሰዎች ሲቀመጡም ይናገራሉ፣ ሲነሡም ይናገራሉ፣ ይባስ ብለው ዝምታንም ይናገራሉ!» እኛ ደግሞ እንስቅበታለን፤ ምክንያቱም ትርጉሙን የተሸከመው «ብድግ» እንጂ «አለ» እንዳልሆነ እናውቃለን። «ጌት አፕ» ላይም እንደዚያው ነው። የሚያነሣን «አፕ» ናት።

ከረባት ያሰረው እንግሊዝኛ

ንቀቱ ደግሞ እንዲህ ነው የሚሠራው። «ዘ ሚቲንግ ዋዝ ፖስትፖንድ» ያለ ሰው የተማረ ይባላል። «ዘይ ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» ያለው የመንደር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይመስላል። «ኢንቬስቲጌት» የቢሮ ነው፣ «ሉክ ኢንቱ» የፊልም ነው። «ኤክስክሉድ» የዩኒቨርሲቲ ነው፣ «ሊቭ አውት» የሰፈር ነው። ደብዳቤ ስንጽፍ፣ የሥራ ማመልከቻ ስናስገባ፣ መድረክ ላይ ስንቆም ረጅሙን ቃል እንመርጣለን። ረጅሙ ቃል የትምህርት ማስረጃ ሆኗላ።

እስቲ ከረባቱን እንፍታው። «ፖስትፖን» የላቲን ቃል ነው፦ «ፖስት» በኋላ፣ «ፖኔሬ» ማስቀመጥ። ወደ ኋላ ማስቀመጥ። «ኢንስፔክት»፦ «ኢን» ወደ ውስጥ፣ «ስፔኬሬ» ማየት። ውስጡን ማየት፤ ማለትም ቃል በቃል «ሉክ ኢንቱ»። «ኤክስክሉድ»፦ «ኤክስ» ውጭ፣ «ክላውዴሬ» መዝጋት። ውጭ አድርጎ መዝጋት፤ «ሻት አውት»። «ኤጀክት»፦ ወደ ውጭ መወርወር፤ «ስሮው አውት»። አያችሁ? ትልልቆቹ ቃላት ራሳቸው የሮማውያን ግሥ ከትንንሽ ቃል ጋር የተጣመሩ ናቸው። ልዩነቱ ላቲኑ ትንሿን ቃል ከፊት ለጥፎ አንድ ላይ መስፋቱ ነው። እንግሊዙ ከኋላ ትቷታል። ስለዚህ አንዱን «ሊቅ» ሌላውን «ተራ» የሚያሰኝ ነገር በቃላቱ ውስጥ የለም። ያለው ታሪክ ውስጥ ነው።

ታሪኩም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያኑና የሊቃውንቱ ላቲን ነበር። እንግሊዝኛ የባላገሩ ቋንቋ ሆኖ ቀረ። ሥልጣን ያለው ሰው የሚናገራቸው ቃላት የክብር ቃላት ሆኑ፤ ገበሬው የሚናገራቸው የጎጆ ቃላት ሆነው ቀሩ። ዛሬ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ «ፑት ኦፍ»ን አሳንሰን «ፖስትፖን»ን ስናከብር፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፈውን የእንግሊዝ መደብ ልዩነት በነፃ እያገለገልን ነው።

እንግሊዞቹ ራሳቸውም በዚህ ነገር ታመው ያውቃሉ። ባለቅኔው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ቀዳሚውን ጸሐፊ ቤን ጆንሰንን ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ ጨርሷል ብሎ ነቀፈው። በኋላም የራሱን የቀድሞ ጽሑፍ እንደገና ሲያሳትም መጨረሻ ላይ የተቀመጡ መስተዋድዶቹን እየለቀመ አስተካከለ። ከላቲን ጋር ስለማይሄድ ነዋ! ከዚያ በኋላ ስንት ትውልድ ሙሉ የእንግሊዝ ተማሪ በዚህ ምክንያት ቀይ እስክሪብቶ ተጫረበት። ሕዝቡ ግን ሲናገር «ዋት አር ዩ ሉኪንግ አት» ማለቱን አልተወም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላው ጆንሰን ነው፤ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1755 ያወጣው ሳሙኤል ጆንሰን። በመቅድሙ ላይ ግሥን ከትንሽ ቃል ጋር ማጣመር ለውጭ አገር ሰው ትልቁ ችግር መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ሳይንቅም፣ ሳያሾፍም የቻለውን ያህል ሰብስቦ አስገባቸው። ይህ ሰው ለኛ ባዳ አይደለም። የመጀመሪያ መጽሐፉ የፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ የኢትዮጵያ ጉዞ ትርጉም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1735። በ1759 ደግሞ ስለ አንድ የኢትዮጵያ ልዑል «ራሴላስ» የተሰኘ ልብ ወለድ ጻፈ። በደንብ ሳያውቀን ስለኛ የጻፈው ሰው፣ ቋንቋው ውስጥ እኛን የሚያስቸግረን የቱ እንደሆነ ግን ከ260 ዓመት በላይ በፊት ነግሮናል። እኛ እስከዛሬ መልሳችን ዝርዝር ነው።

ትንንሾቹ ምን ይሠራሉ?

«አፕ፣ አውት፣ ኦፍ፣ ኦን፣ ዳውን፣ ባክ፣ ኢን፣ ኦቨር»፤ ቅንጣቶች እንበላቸው። መነሻቸው የቦታ ቃላት ናቸው። ከቦታ ተነሥተው ነው ወደ ሐሳብ የሚሻገሩት።

«አፕ» ወደ ላይ ናት። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ስንቀዳ ወደ ላይ እየወጣ ሄዶ ጫፍ ሲደርስ ሞላ፣ አበቃ። ከዚህ ምስል «አፕ» የመጨረስ ምልክት ስትሆን ማየት ይቻላል፦ «ፊል አፕ» ሞላው፣ «ኢት አፕ» በልቶ ጨረሰ፣ «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ ጨረሰ። ሌላም መንገድ አላት። ከታች ያለ ነገር አይታይም፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። ስለዚህ «ሾው አፕ»፣ «ተርን አፕ»፣ «ካም አፕ» ሁሉም ብቅ ማለት አለባቸው። ሱዛን ሊንድነር የተባለች የቋንቋ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 የዶክትሬት ሥራዋን ሙሉ ለ«አፕ» እና ለ«አውት» ሰጥታ፣ ዘፈቀደ የሚመስለው ክምር ውስጥ መልክ እንዳለ አሳይታለች። ለሁለት ትንንሽ ቃላት አንድ ዶክትሬት! እኛ ለሁለቱ ስንት ደቂቃ ሰጠናቸው?

«አውት» ከዕቃ ውስጥ ወደ ውጭ ናት። ተደብቆ የነበረ ሲወጣ ይታወቃል፦ «ፋይንድ አውት»፣ «ፊገር አውት»፣ «ፖይንት አውት»። አማርኛም «ምስጢሩ ወጣ» ይላል እኮ። በሌላ በኩል ውስጡ ያለው ሁሉ ከወጣ ዕቃው ባዶ ይቀራል፦ «ራን አውት»፣ «ሶልድ አውት»፣ «በርን አውት»። ወጣቱ «በርን አውት ሆኛለሁ» ሲል ውስጤ አለቀ ማለቱ ነው፤ ነዳጁም እሳቱም የለም።

«ኦፍ» መለየት ናት። «ሎግ ኦፍ»፣ «ካት ኦፍ»፣ «ፔይ ኦፍ»፤ ዕዳው ከጫንቃ ወረደ። «ዌር ኦፍ»፤ የማደንዘዣው ኃይል እያለቀ ለቀቀ።

እዚህ ላይ አንድ ጮሌ «እሺ፣ መብራት ጎ ኦፍ ሲል ይጠፋል፤ አላርም ጎ ኦፍ ሲል ደግሞ ይጮሃል። ይሄን ፍታ» ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መብራቱ ተለይቶን ሄደ። አላርሙ ደግሞ ተይዞ ነበር፤ እንደተወጠረ ምንጣቂ ድንገት ተለቀቀ። ጥይትም ሲባርቅ «ጎ ኦፍ» ነው የሚባለው። ይህንን ማብራሪያ ግን ቃሉን ሳትሰሙ ቀድማችሁ አትደርሱበትም፤ ከሰማችሁ በኋላ ነው የሚያስታውሳችሁ። «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ መታገሥ ነው፤ እንደ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ መያዝ ነው እንጂ ቆርጦ ማየቱ ብዙ አይጠቅምም። ሁሉም ነገር በሕግ ይፈታል ያለ ሰው ሌላ ዝርዝር ሊሸጥልን ነው። እኔ የምለው፣ ብዙው መልክ አለው፤ መልክ ያለውን መልክ እንደሌለው አታስተምሩን ነው።

ደግሞ ብዛቱ የሚወራውን ያህል አያስፈራም። ጋርድነርና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 መቶ ሚሊዮን ቃላት ያሉትን የብሪታንያ የቋንቋ ክምችት ፈትሸው ነበር። 20 ግሦች ከ8 ቅንጣቶች ጋር ሲጣመሩ የሚገኙት፣ በክምችቱ ውስጥ ካለው የዚህ ዓይነት አጠቃቀም ከግማሽ በላዩን ይሸፍናሉ። ሃያዎቹ ውስጥ «ጎ፣ ካም፣ ቴክ፣ ጌት፣ ፑት፣ ሉክ» አሉበት፤ ሦስተኛ ክፍል የምናውቃቸው። ስምንቱን ቅንጣቶች በደንብ ማወቅ ነው የቀረን። ይኸው ነው ተራራው።

«አማርኛ ይሄ የለውም» የሚሉ

ይህ ሰበብ ከሁሉ ያናድደኛል። እስቲ ፍርድ ቤት እንግባ። ዳኛው «ፈረደለት»። ዳኛው «ፈረደበት»። የአንዲት ፊደል ልዩነት ነው፤ አንዱ ቤቱ ይገባል፣ ሌላው ወኅኒ ይወርዳል። ምንድናት ያቺ ፊደል? «ለ» እና «በ» ናቸው፤ መስተዋድዶች። ከግሡ ኋላ ገብተው፣ ሰውዬውን አዝለው፣ ትርጉሙን ገለበጡት። ምስክሩ መሰከረለት፣ መሰከረበት። ጓደኛው ሳቀለት፣ ሳቀበት። ሰኔ ላይ ለገበሬው ዘነበለት፤ ጤፉ አውድማ ላይ እያለ ግን ዘነበበት። ፖሊሱ ደረሰለት ሲባል አዳነው፤ ደረሰበት ሲባል ያዘው ወይም ጉዱን አወቀ። ይህኛው «ፋይንድ አውት» ነው እኮ! ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ትልቁ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ እነዚህን ቅጥያዎች ከነሥራቸው አስቀምጧቸዋል። እኛ ግን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሳንሳሳት እንጠቀምባቸዋለን፤ ማንም ዝርዝር አልሰጠንም።

የመጨረስ «አፕ»ም አለን። እንግሊዙ «ቴር» ብሎ «ቴር አፕ» ይላል፤ እኛ ቀደደ ብለን ቀዳደደ እንላለን። «ካት» እና «ካት አፕ»፤ ቆረጠ እና ቆራረጠ። እሱ ቅንጣት ይጨምራል፣ እኛ ግሡን ከውስጥ እንደግማለን። ሁለት ግሥ ማጣመርም እንችልበታለን፦ አሳልፎ ሰጠ፣ ጥሎ ሄደ። የእግር ኳሱን «ኖክ አውት» «ጥሎ ማለፍ» ያለው ሰው ሊቅ ነበር። የእኩል ምልክት አላስቀመጠም፤ ነገሩን አየና በራሱ ቋንቋ አካሄድ ሠራው። ማስተማር እንዲህ ነው።

ደግሞስ ቅንጣቶቹን ሳናውቃቸው ነው እንዴ የምንኖረው? ካፌ «ቴክ አዌይ» እናዛለን፣ ሐኪም ቤት «ቼክ አፕ» እንሄዳለን፣ ስልካችንን «ባክ አፕ» እናደርጋለን፣ ከፍቅረኛችን ጋር «ብሬክ አፕ» እናደርጋለን፣ አፕሊኬሽኑ ላይ «ሳይን አፕ» ብለን «ሎግ ኢን» እንላለን። ቋንቋው አፋችን ላይ ነው። የጠፋው የሚያስተውለው ዓይን ነው።

ሳይንሱም ሰበቡን ሙሉ በሙሉ አይደግፍም። ዳጉትና ላውፈር እ.ኤ.አ. በ1985 ዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪዎችን አጥንተው፣ እነዚህን ጥምረቶች ሸሽተው ባለ አንድ ቃሉን ግሥ እንደሚመርጡ አገኙ፤ ምክንያቱ ዕብራይስጥ ተመሳሳይ ነገር ስለሌለው ነው አሉ። ዕብራይስጥ ለአማርኛ የሥጋ ዘመድ ነውና «በቃ፣ እኛም ለዚህ ነው» ማለት ያምረናል። ግን በ1989 ሁልስታይንና ማርኬና ቋንቋቸው ይህ ጥምረት ሞልቶ የተረፈውን ሆላንዳውያን አጠኑ። እነሱም ፈሊጣዊ ትርጉም ያላቸውን ሲሸሹ ተገኙ። እንግዲህ መሸሽ የዘር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያልገባን ነገር ያስፈራል፤ ያስፈራን ነገር እንሸሻለን፤ የሸሸነው ነገር እንዳልገባን ይቀራል።

ዋጋው የማን ነው?

«አሁን ይሄ ምን የሚያስጮህ ነገር አለው?» የሚል ካለ ይስማኝ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንማራለን። ሁለተኛ ደረጃ ስንደርስ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእሱ ነው። ሕክምና የሚማር ልጅ ዓመታት ሙሉ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ይፈተናል። «ቮሚቲንግ» ያውቃል፣ «ኤሜሲስ»ም ያውቃል፣ «ሲንኮፒ»ንም ያውቃል። ከዚያ አሜሪካ ሄዶ ሆስፒታል ተቀጠረ እንበል፤ የሄዱት ብዙ ናቸውና። ከፊቱ የተኛችው ታማሚ ግን እንዲህ ትለዋለች፦ ትናንት «ስሩ አፕ» አደረግሁ፣ ከዚያ «ፓስድ አውት»፣ ክንዴ «ስዌልድ አፕ»፣ የሰጣችሁኝ መድኃኒት ደግሞ «ዌር ኦፍ» እያደረገ ነው። ወደ ላይ ወረወርኩ? ወደ ውጭ አለፍኩ? አስመለሰኝ፣ ራሴን ሳትኩ፣ አበጠ፣ መድኃኒቱ ለቀቀኝ ነው የምትለው። ያ ልጅ ሰነፍ ነው እንዴ? ጎበዝ ነው። አስተማሪዎቹ የሐኪሙን እንግሊዝኛ ሰጡትና የታማሚዋን ነፈጉት። ታማሚ ደግሞ ሲያመው ላቲን አይናገርም።

ሌላም ዋጋ አለ፤ እሱ እዚሁ ቤታችን የሚከፈል ነው። ሰው እንግሊዝኛ ተናግሮ መስተዋድድ ሲሳሳት ቪዲዮው ይቆረጥና በአንድ ሌሊት አገር ይስቅበታል። የሚስቁት ሰዎች ራሳቸው «ዲስከስ አባውት» ይላሉ፤ እንግሊዙ «አባውት» አይጨምርም። ለምን ይላሉ? አማርኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» ስለሚል ነዋ። ይህ የድንቁርና ስሕተት አይደለም፤ ሁለት ቋንቋ ያለው አእምሮ አንዱን በሌላው ሲለካ የሚሠራው ስሕተት ነው። ምክንያቱን ብንነግረው ሁለተኛ አይሳሳትም። ስንስቅበት ግን ሁለተኛ አይናገርም። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣው፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቆለፈው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ፊልም በጽሑፍ ካልሆነ የማይከተለው ልጅ ከዚህ ነው የሚመጣው። እናም «እንግሊዝኛ አይገባኝም» ብሎ ራሱን ይፈርዳል። ፈረደበት እንጂ አልፈረደለትም።

«መደበኛ ጽሑፍ ላይ ትልቁ ቃል ነው የሚያስፈልገው» ለሚሉኝ፦ ቦታ አለው፣ አልክድም። ውል ላይ «ተርሚኔት» ይሻል ይሆናል። ግን ጥናት አድራጊው ጥናቱን «ካሪ አውት» ያደርጋል፣ ሐሳቡን «ፖይንት አውት» ያደርጋል፣ ድርጅቱን «ሴት አፕ» ያደርጋል፤ የተከበሩ መጽሔቶች ላይም ሳይቀር። ሁለቱንም የሚያውቅ ይመርጣል። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ምርጫ የለውም፤ ሠርጉም ላይ ለቅሶውም ላይ ከረባቱን አስሮ ይሄዳል።

«የሰው ቋንቋ ለምን እንዲህ ያጨቃጭቀናል?» ለሚሉኝም፦ ልጆቻችንን በሱ እስከፈተንን ድረስ የማስረዳት ዕዳ አለብን። ለመፈተኛ «የኛ»፣ ለማስተማር ሲሆን «የሰው» ማለት አይሆንም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ሃምሳውን ዝርዝር ትታችሁ አንድ ቅንጣት ይዛችሁ ክፍል ግቡ። «ኦፍ» ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉና አንድ ሳምንት ከሱ ጋር ክረሙ። ተማሪው ራሱ ከዘፈን፣ ከፊልም፣ ከስልኩ ለቅሞ ያምጣ፤ ምን ከምን እንደተለየ ይናገር፤ አልገጥም ያለውን ለብቻው ያስቀምጥ። አጠገቡ በአማርኛ ሲጽፍ የእኩል ምልክት ከልክሉት፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያምጣ። ፈተና አውጪዎችም «ትርጉሙን ምረጥ» ብቻ አትበሉ፤ «ቅንጣቷ ምን ሠራች?» በሉ።

እናንተ ስልካችሁ ላይ ይህንን የምታነቡት ደግሞ መምህር አትጠብቁ። ደብተር ግዙ፤ ስምንት ቦታ ክፈሉት፤ በየገጹ ራስ ላይ ግሥ ሳይሆን ትንሿን ቃል ጻፉ። ነገ ካፌ ቁጭ ብላችሁ አስተናጋጁ «ቴክ አዌይ ነው?» ሲላችሁ፣ ዘጠነኛ ገጽ ጨምሩና «አዌይ» ብላችሁ ጀምሩ።